ለማሸነፍ ሽማግሌ የላከው ነጋሳ

ነጋሳን ከሁሉም ሰው ይልቅ የማውቀው እኔ ነኝ መሰለኝ። መሰለኝ ያልኩት ሚስቱ አያንቱም ስለምታውቀው ነው። እሷ ግን የምታውቀው ቤት ሲገባ ያለውን ነው፤ ሜዳ ላይ ያለውን የማውቀው እኔ ነኝ። ሰንበታ እባላለሁ። እዚህ አዳማ፣ በክበባችን ያለችውን አንዲት የቴኒስ ሜዳ ውሃ የማጠጣው፣ በሚገፋ የብረት ሮሎ የምደመድመው፣ መስመሯን በኖራ የማሰምረው እኔ ነኝ። ሜዳዋ ቀይ አፈር ናት። የአዳማን ንፋስ ደግሞ ታውቁታላችሁ። ጠዋት የደመደምኩትን አፈር ከሰዓት በኋላ አንስቶ ወደ መልካሳ ይዞት ይሄዳል። እኔም በማግስቱ ሌላ አመጣለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ነው የኖርነው፣ ንፋሱና እኔ።

ነጋሳ የክበቡ ጥበቃ ልጅ ነው። አባቱ በር ላይ ቆመው እሱ አጥር ግቢ ውስጥ አደገ። የመጀመሪያ ራኬቱ አንድ እንግዳ ተናዶ መሬት ላይ ሰብሮ የጣላት ነበረች። እጀታዋን በሽቦ አሰራት፤ የተበጠሰውን ጅማት በዝዋይ ዓሣ አጥማጆች ክር ተካው። በአስራ ስድስት ዓመቱ የከተማውን ተጫዋች በሙሉ አሸነፈ። ያኔ በከተማው ብዙ ተጫዋች አልነበረም፤ ቢሆንም የነበረውን በሙሉ አሸነፈ። ቢሾፍቱ ሄዶ አሸነፈ፣ ሻሸመኔ ሄዶ አሸነፈ። አሰላ ላይ ብርዱ አሸነፈው እንጂ ሰው አላሸነፈውም።

በሃያ ሦስት ዓመቱ ናይሮቢ ሄደ። በሞያሌ በኩል ሦስት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ፣ እግሩ አብጦ፣ ከአንድ የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ጋር ተጋጠመ። "አርባ ስምንት ደቂቃ ቆየሁ" ይላል እስከ ዛሬ፣ ሰው ሲጠይቀው። አሸነፍክ ወይ ላለው ነው እንዲህ የሚመልሰው። እዚያ ለተሸነፈም ትንሽ ነገር ይሰጣል አሉ፤ ተቀብሎ መጣ። ተከፍሎት የተጫወተ ሰው ፕሮፌሽናል ነው ስለሚባል፣ ከዚያን ቀን ወዲህ በክበባችን ስሙ "ፕሮፌሽናሉ" ሆነ። የዓለም ተጫዋቾች ከአንደኛው እስከ መጨረሻው በቁጥር የሚቀመጡበት መዝገብ አለ አሉ። ያቺን አንዲት ግጥሚያ ባሸንፍ ኖሮ፣ ይላል፣ ከዓለም የመጨረሻው ሰው እኔ እሆን ነበር። የመጨረሻ አለመሆን ሰውን እንዲህ ሲያስቆጭ በሱ ነው ያየሁት።

ሲመለስ ክበቡ አሰልጣኝ አድርጎ ቀጠረው። አሰልጣኝ ይባል እንጂ ዋናው ሥራው ከትልልቅ ሰዎች ጋር መጫወት ነበር። ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ደክመው መጥተው ተሸንፈው መሄድ አይወዱም። ይህን ማንም አልነገረውም፤ በራሱ ነው የገባው። ጥሩ ልብስ ሰፊ ሰውየውን በዓይኑ አይቶ ልኩን እንደሚያውቅ፣ ነጋሳም ሰውየው ሜዳ ሲገባ አይቶ ስንት ለስንት ሊሸነፍለት እንደሚገባ ያውቃል። አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ነበር፣ ሁልጊዜ ስብሰባ ያለበት፤ ለሱ ቶሎ ይሸነፍለታል። አንድ ሐኪም ነበር፣ መጀመሪያ ተመርቶ፣ ተጨንቆ፣ ኋላ መነሳት የሚወድ፤ ነጋሳ መጀመሪያ ይመራዋል፣ በደንብ ያስጨንቀዋል፣ ከዚያ ይወድቅለታል። አንድ ኮንትራክተር ደግሞ ነበር፣ ውጭ የወጣችውን ሁሉ ገብታለች ብሎ የሚከራከር። ነጋሳ "ገብታለች ጌታዬ፣ እኔው ነኝ በደንብ ያላየሁት" ይለዋል።

ቀይ አፈር ላይ ኳስ ያረፈችበት ቦታ ምልክቱ ይታያል። አንድ ክንድ ውጭ ያረፈችውን እኔ ከዳር ሆኜ አያታለሁ። ስለዚህ ነጋሳ ስንት ጊዜ እንደዋሸ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የማውቀው እኔ ነኝ። ጨዋታው ሲያልቅ በመጥረጊያ አጠፋለታለሁ።

ከሁሉም በላይ ግን የክበቡ ሊቀመንበር ጋሼ ንዋይ ነበሩ። ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አላቸው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነጭ ለብሰው ይመጣሉ፤ ነጋሳን ስድስት ለአራት ያሸንፉታል፤ ትከሻውን መታ መታ አድርገው "እየተሻሻልክ ነው" ይሉታል። አስራ አንድ ዓመት ሙሉ። ነጋሳ ይህን የሚያደርገው ሊቀመንበር ስለሆኑ ብቻ አይደለም። አያንቱን ሊያገባ ሲል አባቷ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ መልሰውበት ነበር፤ ኳስ ለሚያንቀረቅብ ሰው ልጄን አልሰጥም ብለው። በሦስተኛው የሄዱለት ጋሼ ንዋይ ናቸው። ዝናብ ላይ ቆመው፣ እሺ ካላላችሁኝ አልቀመጥም ብለው፣ ጫማቸው ውሃ ሞልቶ ነው አያንቱን ያመጡለት።

እንግዲህ አምና ነው ነገሩ የመጣው። ለክበቡ ደብዳቤ መጣ፤ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ፈቃድ የሌለው ሰው ማሰልጠን አይችልም የሚል። ፈቃዱ የሚገኘው አዲስ አበባ በሚሰጥ ስልጠና ነው። ስልጠናው የሚቀበለው ደግሞ ዕድሜው ከአርባ በታች የሆነውን፣ በዚያ ዓመት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ውድድር ላይ ከመጨረሻዎቹ አራት ተጫዋቾች አንዱ ሆኖ የገባውን ነው። ውድድሩ ኅዳር ላይ ነው፤ በኛው ሜዳ። ነጋሳ ጥር ላይ አርባ ይሞላዋል። ይቺ ካመለጠችው አለቀ ማለት ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ከዚያ አጥር ወጥቶ የሠራው ሌላ ሥራ የለም።

ቢሆንም መጀመሪያ ማናችንም አልተጨነቅንም። ተወዳዳሪዎቹ ስምንት ናቸው። አንድ ግጥሚያ ብቻ ያሸነፈ ከአራቱ ገባ። ነጋሳ ደግሞ የምር ከተጫወተ በነዚህ ከተሞች ከሁለት ሰው በቀር የሚያቆመው የለም።

ከዚያ ጋሼ ንዋይ እኔም እወዳደራለሁ አሉ።

እያንዳንዱ ክበብ ሁለት ተጫዋች ይልካል። የኛ ሁለተኛ ተጫዋች እኔ ነኝ አሉ። ዕድሜዎ፣ ብሎ ሊጀምር የነበረ አንድ የኮሚቴ አባል ነበር፣ ነገር ግን እሳቸው ቀደሙት። ነጋሳን በየሳምንቱ የማሸንፍ ሰው ሌላውን ለምን እፈራለሁ ብለው ጠየቁ። የሚመልስላቸው ጠፋ፣ ምክንያቱም ነገሩ እውነት ነው፤ በየሳምንቱ ያሸንፉታል። ዕጣ ወጣ። ስምንት ወረቀት በባርኔጣ ውስጥ ተደርጎ ጋሼ ንዋይ በገዛ እጃቸው አንዱን አነሱ፤ ነጋሳ ሆነ። በመጀመሪያው ግጥሚያ ሊቀመንበሩና ፕሮፌሽናሉ ማለት ነው። ጋሼ ንዋይ አዘኑለት። "አይዞህ፣ ብዙ አልጎዳህም" አሉት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ነጋሳ እጁን ሊፈትን ሞከረ። እኔ ዳር ቆሜ አይ ነበር። ኳሷን ከጋሼ ንዋይ ሊያርቃት ይነሳል፣ ክንዱ ይዘረጋል፣ መጨረሻ ላይ ኳሷ ራሷ መንገዱን እንደምታውቅ ሁሉ ዞራ በቀኝ እጃቸው ፊት ቀስ ብላ ታርፋለች። ስድስት ለአራት። ሲያልቅ መጥቶ ሮሎው ላይ ተቀመጠ።

"ጋሽ ሰንበታ፣ እጄ አይታዘዘኝም" አለኝ።

ቀርበህ ንገራቸው አልኩት። እውነቱን ሲሰሙ ራሳቸው ይተዉታል አልኩት።

"ለኔ ብለው ዝናብ ላይ የቆሙትን ሰው፣ አስራ አንድ ዓመት እየተሸነፍኩልዎት ነበር ልበላቸው? በየትኛው አፌ?"

ታዲያ ምን ይሻላል አልኩት።

"ሽማግሌ እልካለሁ።"

እኔ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ሽማግሌ ደግሞ ሦስት መሆን አለበት። አንደኛው አቶ ምንተስኖት ሆኑ፤ የነጋሳ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፣ መልካሳ እርሻ ምርምር ሠርተው ጡረታ የወጡ። ሁለተኛው ኦቦ ዱጋሳ ሆኑ፤ የአያንቱ አጎት ናቸው፣ ከደራ። በአርሲ በኩል ያልፈቱት ጠብ የለም ይባላል፤ ቴኒስ ግን አይተው አያውቁም። ሦስተኛው ሌላ ሰው ነበረ፣ ለቅሶ ገጠመው። ስለዚህ ሦስተኛው እኔ ሆንኩ። እኔ አፌ አይፈታም፣ ሰው ፊት መናገር አልወድም ብዬ ለመንኩ። ኦቦ ዱጋሳ ሦስተኛው ሽማግሌ መናገር የለበትም፣ ራሱን መነቅነቅ ይበቃዋል አሉኝ። በዚህ ተስማማሁ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድን። ኅዳር ቢሆንም አዳማ አዳማ ነው፤ ሦስታችንም ጋቢ ደርበን ላባችን በጀርባችን ይወርዳል። በሩን የከፈቱልን የጋሼ ንዋይ ባለቤት ወይዘሮ ዲንቄ ናቸው። ሦስት ሽማግሌ፣ በእሁድ ቀን፣ ጋቢ ለብሶ። ወይዘሮ ዲንቄ ደግሞ ያላገባች ልጅ አለቻቸው፣ ሀሴት የምትባል፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ። ፊታቸው በአንዴ ተለወጠ። እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ ግቡ አሉ፤ ወደ ጓዳ ዞረው አንድ ነገር ሹክ አሉና ውስጥ ሳህን መንኳኳት ጀመረ። ሀሴት በመጋረጃ አጮልቃ አየችን፤ አንደኛችንንም ስላላወቀችን ተመልሳ ገባች።

ጋሼ ንዋይ ወጥተው ተቀመጡ አሉን። ኦቦ ዱጋሳ በኦሮምኛ አካም ጂርቱ ብለው፣ ከብቱን፣ ቤተሰቡን፣ ዝናቡን ሁሉ ጠይቀው ሲያበቁ፣ የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም አሉ። ወይዘሮ ዲንቄ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። አቶ ምንተስኖት ጸለዩ። ረጅም ነበር፤ እኔ እግሬ ዛለ። ከዚያ ልጃችን ነጋሳ ነው የላከን አሉ።

ወይዘሮ ዲንቄ ድንጋጤያቸው! ወደ ባላቸው ዞሩ። "ነጋሳ ሚስት አለው እኮ! አንተው ነህ ሄደህ የጠየቅክለት!"

ጋሼ ንዋይም ግራ ገብቷቸው አዩን። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ያ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

የጋብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ ለማስረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደ። ጓዳ ውስጥ የሳህኑ ድምፅ ቀስ በቀስ ቆመ። ከዚያ ኦቦ ዱጋሳ ነገሩን በሩቁ ጀመሩት። ሁለት በሬ ተጠምዶ ሲያርስ አንደኛው ቢለግም፣ አሉ፣ ሌላው ብርቱ የሆነ ይመስለዋል፤ ትልሙ ግን ጠማማ ይወጣል። ጋሼ ንዋይ የማን በሬ ነው ብለው ጠየቁ። ኦቦ ዱጋሳ ስለ በሬው ሌላ ሦስት ነገር ተናገሩ። በመጨረሻ አቶ ምንተስኖት፣ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብለው፣ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ አወጡት። ልጁ ለክብርዎ ብሎ ሲሸነፍልዎት ነው የኖረው፤ አሁን የእንጀራ ጉዳይ ሆነበትና አንድ ቀን ብቻ ላሸንፍዎት ብሎ ፈቃድ ይጠይቃል።

ጋሼ ንዋይ አንድ በአንድ አዩን። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ዓይናቸው ቆመ።

"ሰንበታ፣ አንተ ሜዳው ላይ ነበርክ። በዓል ብለን የተጫወትናት የፋሲካ ማግስቱስ? ያቺ በመረቡ ጥግ ያስገባኋት?"

አትናገርም ተብዬ ነበር። ግን ሰውየው ጠየቁኝ። ንፋስ ነበር ጋሼ አልኩ።

"ያ ወድቆ የተነሳበትስ?"

ወድቆልዎት ነው አልኩ።

ራሳቸውን ያዙ። ከዚያ ሌላ ሰባት ስምንት ጨዋታ ጠየቁኝ፣ ቀኑንና የአየሩን ሁኔታ ጭምር እያስታወሱ። ሰው ያሸነፈበትን ቀን እንዲህ አይረሳም። እኔ አንዱም ላይ እውነትም ያሸነፉት ነው ማለት አልቻልኩም። አንዱን ብዋሽ ምን ነበረበት ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

"ተበድያለሁ" አሉ በመጨረሻ።

ይሄኔ ኦቦ ዱጋሳ ነቃ አሉ። ቴኒስ አያውቁም፣ በደል ግን ያውቃሉ። በደል ካለ ዕርቅ አለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ጥግ ይዘው ተመካከሩ፤ እኔም ለቁጥር አብሬ ቆምኩ። ኦቦ ዱጋሳ ጨዋታው እንዴት እንደሚቆጠር እንዳስረዳቸው ጠየቁኝ። ስድስት ጨዋታ የያዘ አንድ ዙር ይወስዳል፣ ከሦስት ዙር ሁለቱን የወሰደ አሸነፈ አልኳቸው። ሦስት ዙር መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ተመልሰው መጥተው ፈረዱ። የመጀመሪያው ዙር ለጋሼ ንዋይ ክብር ይሁን፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለነጋሳ እንጀራ ይሁን። ከብት ቢሆንም እንዲህ ነው የሚካፈለው አሉ።

ጋሼ ንዋይ እሺ አሉ። እሺታቸው ደረቅ ነበር። ተመረቀ፣ አሜን ተባለ፣ ያኔ ተቀመጥን። ለሀሴት ሽማግሌ የተባለውን ምሳ እኛ በላነው።

ነጋሳ ፍርዱን ሲሰማ እፎይ አለ። የመጀመሪያዋን ዙር መሸነፍ ለሱ ምንም አይደለችም፤ ሙያው ነው።

የግጥሚያው ዕለት ቅዳሜ ነበር። ንፋሱ ሳይነሳ ብዬ ሌሊቱ ሲነጋጋ ጀምሬ ሜዳዋን ደመደምኩ፣ አሰመርኩ። ሦስት ሰዓት ላይ ሰው ሞላ። ኦቦ ዱጋሳ ከደራ የመጡት በጠዋቱ ነው፤ ፍርዱ መከበሩን ሊያዩ። ዳኛዋ ኢፍቱ የምትባል ከሻሸመኔ የመጣች ወጣት ነች፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጣ አንገቷን ሳታዞር በዓይኗ ብቻ የምታይ። እሷ ስለ ሽማግሌው ነገር የምታውቀው የለም።

ተጀመረ። ነጋሳ እንደለመደው ኳሷን ቀስ አድርጎ በጋሼ ንዋይ ቀኝ እጅ ፊት አስቀመጠላቸው። ጋሼ ንዋይ አዩዋት። ራኬታቸውን እንዳንጠለጠሉ አሳለፏት። ነጋሳ ፀሐይ ወግታቸው ይሆናል ብሎ ሌላ ሰጣቸው። እሷን መረቡ ላይ ቀበሯት። ተራው የሳቸው ሆኖ ኳሷን ሊያስጀምሩ ሰርቭ ሲያደርጉ አንዷን ወደ ሰማይ፣ አንዷን ወደ አጥሩ ላኩ። ያኔ ገባን። ሰውየው የሽማግሌውን ዙር አልወስድም ብለዋል፤ በእጅ የተሰጠችኝን አልፈልግም ነው ነገሩ።

ነጋሳ ደነገጠ። ፍርድ ነው፤ አሜን ተብሎበታል። ይቺን ዙር ካልተሸነፈ የሽማግሌ ቃል አፈረሰ ማለት ነው። ስለዚህ እሱም ውጭ ውጭ ይመታ ጀመር። እሳቸው መረብ ላይ፣ እሱ አጥር ላይ። እሳቸው ኳሷ ስትመጣ የጫማ ክራቸውን ለማሰር ጎንበስ ይላሉ፤ እሱ ሰርቭ ሲያደርግ ኳሷን በራኬቱ ይስታታል። እንግዲህ ጋሼ ንዋይ ቆራጥ ሰው ናቸው፣ ልባቸው ሙሉ ነው። ነገር ግን በመሸነፍ ነጋሳን ማን ይችለዋል? እሳቸው በዚህ ሥራ ጀማሪ ናቸው፤ እሱ አስራ ስድስት ዓመት ኖሮበታል። ቢታገሉም ባይታገሉም አምስት ለሁለት መምራት ጀመሩ። ላባቸው ይወርዳል፤ ንዴታቸው ከሩቅ ይታያል። እስከዚያ ቀን ማሸነፍ እንዲህ ያናደደው ሰው አላየሁም።

ኦቦ ዱጋሳ ወደኔ ጠጋ ብለው ስንት ሆኑ አሉኝ። ጋሼ አምስት፣ ነጋሳ ሁለት አልኳቸው። "ደግ ነው፣ ፍርዱ እየተከበረ ነው" ብለው ተደላድለው ተቀመጡ።

ኢፍቱ ግን ከወንበሯ ወረደች። ሁለቱንም መረቡ ጋ ጠራቻቸው። እኔ ኖራዬን ይዤ ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁ። ስሟን ለማስከበር የምትጮህ ዓይነት አይደለችም፤ በቀስታ ነው የተናገረችው። ሆን ብሎ የማይጫወት ተጫዋች እንደሚባረር ደንቡ ይላል አለች። ሁለታችሁም ከሆናችሁ ሁለታችሁንም አባርራለሁ። ከአሁን በኋላ አንድ ኳስ እንዲህ ካየሁ ወረቀታችሁን እቀድዳለሁ፣ ከአራቱ የሚገባው ሌላ ሰው ይሆናል አለች። ተመልሳ ወጥታ ተቀመጠች።

ነጋሳ ፊቱ አመድ መሰለ። መረቡን እንደያዘ ጋሼ ንዋይን ለመናቸው።

"ጋሼ፣ ሽማግሌ ወስኗል እኮ። ይቺን ዙር ብቻ ይውሰዱልኝ።"

"እኔ ይግባኝ ብያለሁ" አሉ ጋሼ ንዋይ።

"ለማን?"

"ላንተ።" ራኬታቸውን ወደሱ ቀሰሩ። "አስራ አንድ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ከእንቅልፌ ተነስቼ ስመጣ ከአንተ ጋር የምጫወት መስሎኝ ነበር። ብቻዬን ነበር የምጫወተው። ክብሬን ከፈለግክ አሁን ምታኝ። ምታኝ፣ ልጄ።"

ነጋሳ መረቡን ለቀቀ። ወደ ቦታው ሄደ። ኳሷን ሁለት ጊዜ መሬት ላይ አነጠራት። ከዚያ መታት።

ያን ድምፅ እኔ ከሰማሁት ብዙ ዓመት ሆኖኝ ነበር። ኳሷ በጋሼ ንዋይ ግራ በኩል አልፋ አጥሩን ስትመታ እሳቸው ገና ወደ ቀኝ እየዞሩ ነበር። ጋሼ ንዋይ ወደ ኋላ ዞረው ኳሷን አዩ፣ ነጋሳን አዩ፣ ፈገግ አሉ። እኔ ከፋሲካ ማግስት ጀምሮ እንዲህ ሲደሰቱ አላየኋቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ቶሎ ነው። ከአምስት ለሁለት ተነስቶ፣ በሁለት ጨዋታ መብለጥ ግድ ነውና፣ ሰባት ለአምስት ወሰዳት። ኦቦ ዱጋሳ ቁጥሩ ሲገለበጥ ተነስተው ቆሙ፤ ፍርድ ፈረሰ ብለው። አቶ ምንተስኖት ጋቢያቸውን ይዘው አስቀመጧቸው። ተበዳዩ ራሱ ይግባኝ ብሏል አሏቸው። ኦቦ ዱጋሳ በዕርቅ ላይ ይግባኝ የት አገር ነው ያለው ብለው እስከ ደራ ድረስ ሲያጉረመርሙ እንደሄዱ ኋላ ሰማሁ።

ሁለተኛው ዙር ላይ ነጋሳ ሌላ ሰው ሆነ። አምስት ለዜሮ መራ። ጋሼ ንዋይ ከዳር ዳር ይሮጣሉ፣ አይደርሱም፣ ደግሞ ይሮጣሉ። ስድስተኛዋ ጨዋታ ላይ ነጋሳ ለመጨረስ ቸኮለና ሁለት ኳስ ውጭ ሰደደ፤ የምር የሳታቸው ናቸው፣ አውቀዋለሁ፣ ሲስት ጥርሱን ነክሷል። ሦስተኛዋን ንፋሱ ጨመረበት። ጋሼ ንዋይ ጨዋታዋን ሊወስዱ አንድ ነጥብ ቀረቻቸው። ጋሼ ንዋይ በዚያ ትንፋሻቸው ሮጠው ደረሱባት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ይመስለኛል መቷት፤ ነጋሳን አልፋ ከኋላ መስመር ላይ አረፈች።

"ውጭ ናት" አለ ነጋሳ።

ኢፍቱ ገብታለች አለች። ነጋሳ ውጭ ናት፣ ወርደሽ እዪ አላት። ወረደች። እኔም ሄድኩ። ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ምልክቷ ግማሹ ኖራዬ ላይ ነው፤ ኖራው ተነስቷል። ገብታለች። ነጋሳ አልተቀበለም። ጋሽ ሰንበታ መስመሩን አወፍሮ ነው ያሰመረው አለ። እኔን! ራኬቱን አግዳሚው ላይ ወረወረ። ያ ውጭ የወጣችውን ሁሉ ገብታለች ጌታዬ ሲል የኖረ ሰው፣ የገባችውን አንዲት ኳስ ውጭ ናት ብሎ በሕዝብ ፊት ተከራከረ።

ጋሼ ንዋይ መረቡ ጋ መጥተው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው እስኪጨርስ ድረስ አዳመጡት። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር፤ አቧራም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ወደኛ ዞረው "ተናደደብኝ፤ አያችሁ አይደል፣ ተናደደብኝ" አሉ።

ስድስት ለአንድ አለቀ። ነጋሳ ከአራቱ ገባ። በማግስቱ አንድ የቢሾፍቱ ወጣት ጠራርጎ አሸነፈው፣ እሱ ግን ግድ አልነበረውም። ስሙ ለስልጠናው ተላለፈ። ጥር ሳይገባ አዲስ አበባ ሄዶ ስድስት ሳምንት ተምሮ ፈቃዱን ይዞ መጣ። ፎቶው ያለበት ወረቀት ነው፤ አያንቱ በላስቲክ አስለብሳ ሳሎን ሰቅላዋለች።

ጋሼ ንዋይ በዚያው ሰሞን ለሚያገኙት ሁሉ ስለ ግጥሚያው ያወሩ ነበር። መሸነፋቸውን ሰው ሲያስታውሳቸው እሱማ የታወቀ ነው፣ ፕሮፌሽናል ነው ይላሉ። ስለዚያች አንዲት ጨዋታ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይናገራሉ፤ ሱቃቸው ዕቃ ሊገዛ የገባ ሹፌር ሁሉ ኳሷ የት እንዳረፈች ያውቃል።

ነጋሳ ከስልጠና በተመለሰ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጋሼ ንዋይ እንደ ድሮው በአንድ ሰዓት መጡ። ሰርቭ ሊያደርጉ ኳሷን ወደ ላይ ሲወረውሩ ነጋሳ ከመረቡ ማዶ ሆኖ "ቆዩ" አላቸው። ቆሙ። ሲያመነታ አየሁት፤ አንዴ ወደኔ አየ፣ አንዴ ወደ መሬት። ከዚያ መረቡን ዞሮ መጥቶ ክንዳቸውን ያዘ።

"ጋሼ፣ ክርንዎ ዝቅ ይላል። ለዚህ ነው ኳሷ መረብ ላይ የምትቀረው።"

ጋሼ ንዋይ ክርናቸውን አዩት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው ዝቅ የሚለው?"

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነው ጋሼ" አለ ነጋሳ። ክርናቸውን በሁለት እጁ ይዞ ከፍ አደረገላቸው።